በወይራ የታጠኑት ጀሪካኖች

ባለፈው ሰሞን ሮቤ ላይ ሽንኩርት ልገዛ ወጥቼ፣ ከዋናው አስፋልት ወደ ገበያው ከምትታጠፈው መንገድ ጥግ አንድ ሽታ ያዘኝ። ድሮ ልብስ ሰፊዎች በረንዳው ላይ መኪናቸውን ደርድረው ይቀመጡበት የነበረው ቤት አሁን የእርሻ መድኃኒት መሸጫ ሆኗል። ባለሱቁ አንዱን ጠርሙስ ከፍቶ ለገበሬ ሲያሳይ ነው መሰለኝ ሽታው የወጣው፤ ነጭ ሽንኩርት በላምባ የተለወሰ የሚመስል፣ ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ የሚቀር። ሽንኩርት ሻጯ "እማማ፣ ስንት ኪሎ ላድርግልዎት?" ትለኛለች፣ እኔ ግን እዚያ የለሁም። ባዶ ዘንቢሌን ይዤ ቤቴ ገባሁ። ልጄ "ሽንኩርቱስ?" ስትለኝ "ተወዷል" አልኳት። መወደዱስ ተወዷል፣ የዘንድሮ ሽንኩርት ጉድ ነው፤ እኔን የመለሰኝ ግን የሩቅያ ነገር ነው።

ሩቅያ የሥራ ባልደረባዬ ነበረች። አንድ ልጅ ነበረቻት፣ እሷንም ቀበረች። ከዚያ በኋላ ደግሞ "ልጄን የገደልኳት በገዛ እጄ ይሆን?" የሚል ጥያቄ ተሸክማ ኖረች። ይህን ነገር ለልጆቼ እንኳ አጥርቼ ነግሬያቸው አላውቅም። ሲጠይቁኝም ሌላ ወሬ አመጣለሁ።

ጊዜው መቼ ነው ብትሉኝ ዓመቱን አልጠራላችሁም፤ እኔ ዘመን የምቆጥረው በልብስ ነው። ወንዶቹ ጫፉ የሰፋ ሱሪ ለብሰው የሮቤን አቧራ የሚጠርጉበት ጊዜ እያለፈ፣ ጠበብ ያለው ደግሞ ገና ከአዲስ አበባ እየደረሰ ነበር። እኔ ጎባ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ፤ አያቴ ከሰሜን በወታደርነት መጥተው እዚያው ሚስት አግብተው የቀሩ። በየማለዳው ከጎባ ሮቤ በአውቶቡስ እመጣለሁ። ከሰነቴ ተራራ የሚወርደው ብርድ በመስኮቱ ቀዳዳ እየገባ ጆሮ ይቆርጣል፣ መስኮቱን የሚዘጋው ካርቶን ነው፣ ረዳቱ ደግሞ "ጠጋ ጠጋ በሉ" ማለት አይሰለቸውም። ሮቤ ስደርስ ጋሪ እይዛለሁ። ዛሬ ባጃጁ እንደ ንብ ይርመሰመሳል፤ ያኔ ግን ደረቱ ላይ ቃጭል ያሰረ ፈረስ ነበር፣ ባለጋሪውም ሰው ሲጭን አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ፣ ብሎ ቤተሰቡን ሁሉ ጠይቆ ነው። መናኸሪያው ጥግ የነበረው ሻይ ቤት ትልቅ ቴፕ ነበረው፤ ካሴቱ ግን አንድ ብቻ ስለሆነ ከተማው በሙሉ ዘፈኑን በቃሉ ያውቀዋል። ሻይ በዐሥራ አምስት ሳንቲም፤ ስሙኒ ለያዘ አምባሻም ይጨመርለታል። አሁን ስናገረው ልጆቼ ተረት ይመስላቸዋል።

ላቦራቶሪው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ የስንዴው ሜዳ ከሚጀምርበት ላይ ነበር። ሰዎች "ሥራሽ ምንድን ነው?" ሲሉኝ "ቁንጫ አረባለሁ" እላቸዋለሁ፣ ይስቃሉ። እውነቴን ነበር። የውኃ ቁንጫ የሚባል ፍጥረት አለ፤ ከጤፍ ፍሬ እምብዛም የማይበልጥ፣ ገላው ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ውኃ ውስጥ ዘለል ዘለል እያለ የሚዋኝ። ሰውም ከብትም አይነክስም። አለቃችን ዶክተር ኃይሉ ከሰነቴ በታች ካለች ኩሬ በሻሽ አጥልለው አመጡትና በትልቅ የመስታወት ገንዳ ውስጥ አራቡት፤ እኛም እርሾ በጥብጠን እናበላዋለን። ያን ሰሞን ስንዴውንና ገብሱን ክሽክሽ የሚሉት ተባይ ፈጅቶት አዲስ መድኃኒት መጥቶ ነበር። ክሽክሹን መግደሉስ ታውቋል፤ ዝናብ ሲዘንብ ግን ከማሳው ታጥቦ ሻያ ወንዝ ይገባል፣ በሻያ ውስጥ ያለውን ነፍስ ምን ያደርገዋል? ይህን ነበር የምንፈትነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። በትንንሽ ብርጭቆዎች የምንጭ ውኃ እንቀዳለን። በአንዱ መድኃኒቱን እጅግ አቅጥነን፣ በሌላው ትንሽ ወፈር አድርገን፣ በሌላው ደግሞ ከዚያም ጨምረን እናደርግበታለን። ከዚያ የውኃ ቁንጫ ጨቅላዎች እንጨምርና በሁለተኛው ቀን ብርጭቆውን ቀስ አድርገን አዙረን እናያለን። የተንቀሳቀሰ ተርፏል፣ ያልተንቀሳቀሰ አለቀለት። አንዱ ብርጭቆ ላይ ግን ምንም መድኃኒት አይጨመርም፤ ንጹሑ ብርጭቆ እንለዋለን። በንጹሑ ውስጥ ያሉት ደኅና መሆን አለባቸው። እነሱ ከሞቱ፣ ሌሎቹን መድኃኒቱ ይግደላቸው ሌላ ነገር ማወቅ ስለማይቻል ሥራው በሙሉ ይደፋል።

ብርጭቆዎቹን የምታጥበው ሩቅያ ነበረች። ከጊኒር ሮቤ ተድራ የመጣች፣ ረጅም፣ ሽቲ ቀሚስና አረንጓዴ ሻሽ የማይለያት፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን ሴት። ስታጥብ በኦሮምኛ ታንጎራጉራለች፤ "ምንድን ነው የምትይው?" ስላት "ለአንቺ አይሆንም፣ የባለትዳር ነው" ብላ ታሾፍብኛለች፤ እኔ ያኔ አላገባሁም። ልጅ ሳትወልድ ብዙ ጠብቃ፣ አማቷ አዴ ዘይነባ በየምክንያቱ ሲያሽሟጥጧት ኖረው፣ በመጨረሻ ፈቲያ ተወለደች። ጡቷ ቶሎ ስለደረቀ ሕፃኗ የምታድገው በዱቄት ወተት ነበር። ሩቅያ ማለዳ ወተቱን በጥብጣ ለአማቷ ትታ ትመጣለች፣ ለምሳ ደግሞ እየሮጠች ትሄዳለች። ስለ ፈቲያ ጥርስ ያልሰማ ሠራተኛ በግቢው አልነበረም።

የምንጩን ውኃ የምናመጣው ከጎባ በላይ ነው፣ በትልልቅ የመስታወት ጠርሙስ። መንገዱ ኮረኮንች ስለሆነ ጠርሙሶቹ አንድ በአንድ ተሰባብረው ጥቂት ቀሩ። ዶክተሩ "ሩቅያ፣ ገበያውን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ጥሩ ጀሪካን ግዢልን" አሏት። ያኔ ጀሪካን ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ሴቱ ሁሉ በእንስራ ወገቡ ጎብጦ የኖረ ነው፤ ቢጫ ጀሪካን ሲመጣ አራስ ጥየቃ የሚሄድ ሰው እንኳ እሱን ይዞ ከሄደ አንጀት አርስ ስጦታ ነው። ዋጋው የአንድ ዶሮ ያህል ነበር። በገበያ ቀን አንድ ነጋዴ መሬት ላይ ደርድሮ ይሸጣል፣ ከየት እንዳመጣው የሚጠይቀው የለም። ሩቅያ ሦስት ገዛች፣ አንዱን ለላቦራቶሪው፣ ሁለቱን ከኪሷ ለቤቷ።

ሦስቱንም በአመድና በአሸዋ ፈተገቻቸው፣ በፈላ ውኃ አለቀለቀቻቸው፣ ፀሐይ ላይ ደፋቻቸው። ትንሽ ሽታ አልለቅ ሲላት ደግሞ እንደ ወተት ዕቃ በወይራ አጠነቻቸው። በእኛ አገር ሴት ዕቃ አጥባ ካላጠነች አጠበች አይባልም፤ እናቶቻችን ያሳዩን እንደዚያ ነው። ፕላስቲኩ እንዳይቀልጥ ከጭሱ ከፍ አድርጋ ይዛ፣ ክንዷ እስኪዝል አጠነችው። የእኛን ይዛ ስትመጣ አፉን አሸተትኩት፤ ወይራ ወይራ ይላል፣ ደስ ይላል።

ፈተናው ተጀመረ። በሁለተኛው ቀን ብርጭቆዎቹን ስናይ በንጹሑ ውስጥ ያሉት ሁሉ ከሥር ተኝተዋል። አዞርነው፣ አንድም የለም። ገንዳው ውስጥ ያሉት ግን እንደ ልባቸው ይዘላሉ። የገንዳው ውኃ ቀድሞ በጠርሙስ የመጣው ነው፤ ይህንን ያኔ ማንም አላሰበውም። ገንዳው ደኅና ከሆነ ጥፋቱ የብርጭቆው ነው፣ የብርጭቆው ከሆነ የሳሙና ርዝራዥ ነው፣ ሳሙና ከሆነ ደግሞ ሩቅያ ናት።

"በደንብ ታለቀልቂያለሽ?" አሏት ዶክተሩ።

"አለቀልቃለሁ ዶክተር። ዋላሂ አለቀልቃለሁ።"

"እንግዲህ ከዚህም በላይ አለቅልቂ።"

ጣቶቿ እስኪነጩ አለቀለቀች። ለጥንቃቄም ብላ መጨረሻ ላይ በዚያው በጀሪካኑ የምንጭ ውኃ ታሳልፋቸው ጀመር። ፈተናው ተደገመ፣ በንጹሑ ውስጥ ያሉት እንደገና አለቁ። የአስተዳደሩ ሰውዬ መጥተው "የሚሠራ ሰው ጠፍቶ ነው እንዴ? በሌላ ተኩዋት" ብለው ሄዱ። ሩቅያ ከመታጠቢያው ሥር ተቀምጣ "ጥሩዬ፣ እጄ ምን ሆነ? ቤትም የነካሁት አይሆንልኝ፣ እዚህም አይሆንልኝ" አለችኝ። አንጀቴን በላችው።

ቤት አልሆንልኝ ያለችው የፈቲያን ነገር ነበር። ሕፃኗ ያልባታል፣ ምራቋ ይዝረበረባል፣ የጠጣችውን ትመልሳለች፣ ስትታቀፍ ሰውነቷ ዝልፍልፍ ይላል። አዴ ዘይነባ "ዓይን ነው፤ የልጇን ጥርስ ለአገር ሁሉ ታወራለች" አሉ። ሼኹ ቁርአን ቀሩላት። ሐኪምም ዘንድ ተወሰደች፤ ትውከት የማያመጣ የልጅ በሽታ የለ፣ ሐኪሙስ ከየት ይወቅ፣ ውኃ እንዳያልቅባት ቶሎ ቶሎ አጠጧት አላቸው። ሩቅያም ቶሎ ቶሎ አጠጣቻት። በአንድ ጠዋት ሥራ ቦታ ስንጠብቃት ቀረች፤ ዘበኛው መጥቶ "የሩቅያ ልጅ አረፈች" አለን።

ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ሴቶቹ "ሶብር አድርጊ፣ አላህ የሰጠውን አላህ ወሰደ" ይሏታል፣ እሷ ትሰማለች፣ አታለቅስም። አዴ ዘይነባ ከጥግ ሆነው "አንድ ልጅ፣ አንዲት ልጅ" ይላሉ። ውኃ አመጡልኝ፣ ጠጣሁ። ከየትኛው ዕቃ እንደተቀዳ ያኔ ልብ አላልኩም።

እሷ ለቅሶ ላይ እያለች ዶክተር ኃይሉ አልተኙም። አንድ ጠዋት የጀሪካኑን ክዳን ከፍተው አሸተቱና "ይኼ የሚሸተው ምንድን ነው?" አሉኝ። ነገርኳቸው። "ጭሱ ይሆን?" አሉ ለራሳቸው። ከጎባ በተረፉት ጠርሙሶች ውኃ አስመጡ። አንዱን ጠርሙስ እኔን በወይራ አሳጠኑኝ፣ አንዱን ሳይታጠን ተዉት። ከዚያው ነጋዴ አዲስ ጀሪካን አስገዝተው አሳጠቡት፣ እንዳይታጠን ግን ከለከሉ፤ በአሮጌውም በአዲሱም ጀሪካን ያንኑ የምንጭ ውኃ ሞሉ። ሩቅያ ለቅሶዋን ጨርሳ በተመለሰች ቀን ብርጭቆዎቹን ራሷ አጥባ በጠርሙሱ ውኃ አለቀለቀቻቸው፣ ከየዕቃው ውኃ ተቀዳ፣ ቁንጫዎቹ ተጨመሩ። መድኃኒት በየትኛውም ላይ አልተጨመረም።

በሁለተኛው ቀን ሦስታችን ቆመን አየን። ካልታጠነው ጠርሙስ የተቀዳው ውስጥ ይዘላሉ። ከታጠነው ጠርሙስ የተቀዳው ውስጥም ይዘላሉ። ከአሮጌው ጀሪካን የተቀዳው ውስጥ አልቀዋል፤ ባልታጠነው በአዲሱም አልቀዋል። ዶክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። "ብርጭቆሽ ንጹሕ ነበር ሩቅያ። ሳሙናም አይደለም፣ ጭስም አይደለም። ጀሪካኑ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ" አሉ። በኋላ ነጋዴው ሲጠየቅ ዕቃዎቹ ከሜዳው ወዲያ ካለ ሰፊ እርሻ መጋዘን የወጡ የመድኃኒት ባዶዎች እንደነበሩ፣ ወረቀታቸውን ልጦ ወንዝ ዳር አጥቦ እንደሚሸጣቸው ተናገረ። ፕላስቲክ መርዝ ከጠጣ አመድ አያወጣውም፤ ወይራው ሽታውን ሸፈነው እንጂ።

እኔ ሩቅያ እፎይ የምትል መስሎኝ ዞርኩ። ፊቷ አመድ መስሏል።

"ዶክተር፣ እኔ ቤት ሁለት አሉ" አለች። "የፈቲያ ወተት የሚበጠበጠው በነሱ ውኃ ነበር።"

ከጀሪካኑ የተቀዳውን ብርጭቆ በጣቷ አመለከተች።

"ልጄን የገደላት ይኼ ነው?"

ዶክተሩ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። "አላውቅም" አሉ። "እነዚህን ለመግደል በዓይን የማይታይ ጥቂት ይበቃል። ያ ጥቂት ለሕፃን ይበቃ እንደሆነ ይህ ብርጭቆ አይነግረኝም። ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። ብዋሽሽ በወደድኩ ሩቅያ፤ ግን አይታወቅም።"

እሳቸው ለበላዮቻቸው አስታወቁ። መልሱ እስኪመጣ ሰው ይጠጣል፤ ስለዚህ እኔና ሩቅያ ጋሪ ይዘን ቤት ለቤት ወጣን። የምናገረው እኔ ነበርኩ፣ ተምሬያለሁና። የመጀመሪያዋ ባለቤት "አሽትቼዋለሁ፣ ምንም የለውም" አለች። ሁለተኛዋ "ቁንጫ ሞተባችሁ ብዬ ነው ጀሪካኔን የምጥለው?" ብላ ከት ብላ ሳቀች። ሌላዋ "ሰው ይገድላል ነው የምትይኝ?" ስትለኝ "ሊገድል ይችላል፣ ገና አልታወቀም" አልኳት። "እንግዲያ ሲታወቅ ተመለሱ" ብላ በሩን ዘጋችው። ግቢዋ ውስጥ ሕፃን ሲያለቅስ ይሰማል።

በሚቀጥለው ቤት አፌን ልከፍት ስል ሩቅያ ከኋላዬ አልፋ ፊት ቆመች። "ልጄን የገደላት ይኼ ጀሪካን ነው" አለች። "በእሱ ውኃ ወተት በጥብጬ በእጄ አጠጣኋት። የቀበርኳት በዚህ ሰሞን ነው።" በአማርኛ ተናገረችው፣ ደግማ በኦሮምኛ ተናገረችው። ሴትዮዋ ፊቷን አየቻት፣ ገባች፣ ጀሪካኗን አውጥታ ውኃውን ደጃፍ ላይ ደፋችና ሰጠችን። ከዚያ ወዲያ እኔ ጋሪው ላይ መደርደር ብቻ ሆነ ሥራዬ። በየበሩ አለችው። ድምጿ ሳይንቀጠቀጥ፣ ቃሉን ሳትለውጥ፣ በየበሩ። ማታ ላይ ጋሪው ቢጫ በቢጫ ሆኖ ፈረሱ ከኋላው አይታይም። ላቦራቶሪው ጓሮ ጉድጓድ አስቆፍረን፣ ቀዳደን ቀበርናቸው።

ወሬው ከእሷ በፊት ቤቷ ገብቷል። አብሬያት ነበርኩ። አዴ ዘይነባ በር ላይ ቆመው ጠበቋት። "አንቺ፣ በከተማው ያወራሽው እውነት ነው? የልጄን ልጅ ያጠጣሻት መርዝ ነው?" አሏት። እኔ ጣልቃ ልገባ "አዴ፣ ዶክተሩ እኮ" ስል ክንዴን ጨበጠችኝ። "እውነት ነው" አለች። ባሏ ከውስጥ ሰምቷል፤ ጭንቅላቱን ይዞ ተቀመጠ። ወደ መንገዱ ጎትቼ አወጣኋትና "ለእሳቸው እንኳ አይታወቅም ብትያቸው ምን አለበት? ቤትሽ እኮ ነው የሚፈርሰው" አልኳት። "ለእሳቸው ያልኩት ነገ ገበያ ይደርሳል" አለችኝ። "ያን ጊዜ ሁሉም ሄዶ ሌላ ይገዛል።"

ባሏ ፈታት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እሷን ባየ ቁጥር ሌላ ነገር እያየ መኖር አልቻለም። ሩቅያ ዕቃዋን በፌስታል ይዛ በጊኒር መኪና ሄደች። ፈተናችንን በጠርሙስ ውኃ እንደገና ሠራን፤ መድኃኒቱ እጅግ ቀጥኖ እንኳ የውኃ ቁንጫውን ጨረሰው። ተጽፎ ተላከ፣ ውኃ በላው፣ መድኃኒቱም በዚያው ክረምት ተረጨ። ሻያ ውስጥ የሞተውን ማን ያያል? እኔም አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ጡረታ ወጣሁ።

የሽንኩርቱ ቀን ካለፈ በኋላ ግን መቀመጥ አልሆነልኝም። በጎሮ በኩል ጊኒር ሄድኩ። ገበያ ውስጥ ጠይቄ አገኘኋት፤ የሽቲና የሻሽ ሱቅ አላት። አርጅታለች፣ እኔም አርጅቻለሁ። ሌላ ልጅ አልወለደችም። ተቃቅፈን ብዙ ቆየን፤ ስለ ጉልበት ሕመምና ስለ ኑሮ ውድነት አወራን።

"ሩቅያ" አልኳት፣ "ዶክተሩ እኮ ያሉት አይታወቅም ነው።"

"እዚያው ነበርኩ እኮ" አለች። "ያኔ ሰው ጀሪካኑን እንዲሰጠኝ ብዬ ነው ያልኩት። እያልኩት እያልኩት ለእኔም እውነት ሆነብኝ። አሁን ላይሆን ይችላል ብዬ ላስብ ብል እንኳ እንቢ ይለኛል።"

ከመደርደሪያው አንድ ሽቲ አውርዳ ፊቷ ዘረጋች።

"አንድ ነገር ንገሪኝ ጥሩዬ። በርሽ ላይ መጥቼ፣ ልጄን ይኼ ይግደላት ሌላ አይታወቅም ብልሽ ኖሮ፣ ጀሪካንሽን ትሰጪኝ ነበር?"



"አልሰጥሽም ነበር" አልኳት።

"እንግዲያውስ" አለችና የዘረጋችውን ጨርቅ ማጠፍ ጀመረች።